ገባ፣ ከዳ፣ ታረቀ፦ የፓርቲ ታማኝነት ለውጥና የአማርኛ ግሦቹ

አንድ የፖለቲካ ፓርቲ አባል ፓርቲውን ትቶ ወደ ሌላ ሲሄድ፣ ድርጊቱን የምንገልጽበት የአማርኛ ግሥ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ሄያጁ ራሱ «አቋሜን ቀየርሁ» ወይም ጠንቀቅ ብሎ «ራሴን ከአባልነት አገለልሁ» ይላል። የተወው ድርጅት «ከዳ» ይለዋል። የተቀበለው ድርጅት ደግሞ «ገባ» ይላል፤ ቀድሞ ጥፋተኛ ብሎት ከነበረም «ተመለሰ» ወይም «ታረመ» ይለዋል። ድርጊቱ አንድ ነው፤ አንደኛ መደብ የሚመርጠውን ግሥ ግን ሦስተኛ መደብ እምብዛም አይመርጠውም። «እገሌ አቋሙን ቀየረ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ይሁንና ስለ ሌላ ሰው ሲነገር «አቋም የለውም» ወደሚለው ስድብ ያዘነብላል። አቋም የሚመጣው ከመቆም ነውና፣ የቀየረ ሰው መቆም ያቃተው መስሎ ይታያል።

ይህ ጽሑፍ የሰዎች የፓርቲ ታማኝነት በጊዜ ሂደት እንዴትና ለምን እንደሚለወጥ፣ በኢትዮጵያ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ባለው ታሪክ ላይ ተመርኩዞ ይመረምራል፤ መግቢያ በሩ ግን እነዚህ ግሦች ናቸው። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው። ታማኝነትን የምንገልጽባቸው ቃላት ከፓርቲ በፊት የነበሩ፣ በጌታና በአዳሪው መካከል ላለው ግንኙነት የተበጁ ናቸው። ፓርቲዎች ሲመሠረቱ ከዚህ መዝገብ የክሱን ቃላት ወረሱ፤ የመመለሻውን ቃላት ግን ጣሉ። የዚህም ውጤት በቃላት ላይ ብቻ አልቀረም፤ ሰው አልቆበታል።

ማደርና መግባት

«አደረ» የሚለው ግሥ በመጀመሪያ ፍቹ ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ነው። «ለ» ከሚለው መስተዋድድ ጋር ሲሄድ ግን፣ «ለእገሌ አደረ» ማለት አገለገለው፣ በእርሱ ቤትና በእርሱ እንጀራ ኖረ ማለት ይሆናል። ሎሌው የሚያድረው በጌታው ደጅ ስለ ነበር፣ የሚተኛበት ቦታና የሚያገለግለው ሰው በአንድ ግሥ ተጠቀለሉ። «ወታደር» የሚለውንም ቃል ብዙዎች «ወጥቶ አደር» ከሚለው ያመጡታል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ታማኝነት ማለት የሐሳብ ስምምነት አይደለም፤ ሰውዬው የት እንደሚያድር ነው። ጌታው ሲሞት ወይም ሲሻር አዳሪው ሌላ ጌታ መፈለጉ የሚጠበቅ ነገር ነበር።

ነውሩ ያለው «ከዳ» በሚለው ላይ ነው፤ ይኸውም ጌታውን በሕይወት፣ ይልቁንም በችግር ላይ ሳለ መተው ነው። ከዚህ ጎን ለጎን «ካደ» አለ። መክዳትና መካድ በድምፅ ቢቀራረቡም በአጠቃቀም ይለያያሉ። «ካደ» ከግእዙ «ክሕደ» የመጣ ሲሆን ሃይማኖትን፣ ዕዳን ወይም የታወቀን እውነት አላውቅም ማለት ነው፤ «ከሃዲ» የሚወጣውም ከዚሁ ነው። እንግዲህ ከዳተኛ ሰውን የተወ፣ ከሃዲ ደግሞ እምነትን የተወ ነው። የኋለኞቹ ፓርቲዎች ሁለቱን ቃላት ያለ ልዩነት መጠቀማቸው አጋጣሚ አይመስለኝም፤ ፓርቲው ጌታም ሃይማኖትም ለመሆን ይፈልግ ነበርና።

የድሮው መዝገብ ግን የመመለሻ በር ነበረው። ዛሬ «ፓርቲ ገባ» ስንል የምንጠቀምበት ግሥ፣ በቀድሞው አነጋገር የሸፈተ ሰው ምሕረት ጠይቆ ሲመለስ ይነገርለት ነበር። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ኃይሉ ሸፍተው ገብተዋል፤ ገብተውም ቋራን በሹመት ይዘዋል፣ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብተዋል፤ ዳግመኛም ሸፍተው በ1847 ዓ.ም. ነግሠዋል። የሸዋው ምኒልክም በ1870 ዓ.ም. በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ፤ ዐፄ ዮሐንስም በሸዋ ንጉሥነታቸው አጸኗቸው። ይህን ስል የድሮውን ዘመን ለማሳመር አይደለም፤ ተይዞ የተቀጣ ከዳተኛ እጁንና እግሩን ያጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ «ከዳ» እና «ሸፈተ» ከሚሉት ግሦች ፊት ለፊት «ገባ»፣ «ታረቀ»፣ «ማረ» የሚሉ ግሦች ተሰልፈው ነበር፤ የሚከፈለውም ዋጋ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ጌታ የቀየረ ሰው የት እንደሚመለስ ያውቃል፤ ድንጋዩንም ከየት እንደሚያነሣ ያውቃል።

ድጋፍ እና ክስ

መላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) በነሐሴ 1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ ተመሠረተ። በኋላ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) የተባለው ድርጅት ደግሞ በሚያዝያ 1964 ዓ.ም. በምዕራብ በርሊን ተመሥርቶ፣ በዚህ ስሙ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በይፋ ወጣ። ሁለቱም ከአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ የተወለዱ ናቸው፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ የሁለቱም አባት ነው። ያነበቧቸው መጻሕፍት አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የመጨረሻ ግባቸውም በወረቀት ላይ ሲታይ ይህን ያህል አይራራቅም። የለያያቸው ደርግን ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ነው። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ፣ የካቲት 25 ቀን የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ሲያወጣ፣ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ሳይውል ሳያድር ይቋቋም አለ። መኢሶን ደግሞ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እሰጣለሁ አለ።

«ሂሳዊ ድጋፍ» ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ በአማርኛ የፖለቲካ ቋንቋ ታሪክ ከተደረጉት ድፍረት የተሞላባቸው ሙከራዎች አንዱ ነውና። «ደገፈ» ማለት ሊወድቅ የሚችልን ነገር ከጎን ሆኖ ማቆም ነው፤ ደጋፊውና ተደጋፊው ሁለት የተለያዩ አካላት መሆናቸውን ቃሉ ራሱ ይጠብቃል። «ለ…አደረ» ይህን አይጠብቅም። በዚህ ላይ «ሂሳዊ» የሚለው ቅጽል ሲጨመር፣ ከፊል ታማኝነት፣ ሊጨምርና ሊቀንስ የሚችል ታማኝነት በአማርኛ ስም አገኘ። የመሬት አዋጁ ያሳመነው ሰው አዋጁን ሊደግፍ፣ ግድያውን ሊነቅፍ ይችላል ማለት ነው። በመርሕ ደረጃ ሰው ፓርቲውን የሚቀይርበት ጤናማው መንገድ ይህ ነበር፤ አስቀድሞ ድጋፉን ይቀንሳል፣ ከዚያ ይነቅፋል፣ ከዚያ ይለቃል።

የዘመኑ ጆሮ ግን ይህን አልሰማም። ኢሕአፓ መኢሶኖችን «ባንዳ» አላቸው፤ ይህ ከጣልያንኛ የመጣ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለወራሪው የተሰለፉትን የሚያስታውስ ቃል ነው። ደርግና መኢሶን በበኩላቸው ኢሕአፓን «አናርኪስት» አሉት። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ሲገባ፣ ሁለት ዓመት የሰጠው ድጋፍ «ሂሳዊ» እንደ ነበረ ያስታወሰለት አልነበረም። «ቀኝ መንገደኞች» የሚል ስም ወጣለት፤ መሪዎቹ ታደኑ፤ ኃይሌ ፊዳም ተይዞ በኋላ ተገደለ። መኢሶን ከደርግ ጋር በሠራባቸው ጊዜያት በኢሕአፓ ላይ ለወረደው መከራ የነበረው ድርሻ የታወቀ ነው፤ እዚህ የማነሣው ለማንም ለመሟገት ሳይሆን፣ ከፊል ታማኝነት የሚባለውን ነገር የፈጠረው ድርጅት ራሱ ለሌሎች እንዳልፈቀደው ለማሳየት ነው።

በኢሕአፓ ውስጥም ሁኔታው ከዚህ አይሻልም። የድርጅቱ መሪዎች የነበሩት ብርሃነ መስቀል ረዳና ጌታቸው ማሩ በከተማ የሚደረገውን የትጥቅ ትግል ሲቃወሙ፣ ልዩነታቸው «አንጃ» ተባለ። ሁለቱም ፓርቲ አልቀየሩም፤ ፓርቲያቸው ስሕተት ላይ ነው አሉ እንጂ። ጌታቸው በገዛ ድርጅቱ እጅ ሳለ ተገደለ፤ ብርሃነ መስቀልን ከጊዜ በኋላ ደርግ ይዞ ገደለው። ሁለት ጠላት የሆኑ ወገኖች በአንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ መሐል የሚባል ቦታ እንደሌለ።

በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ «መጋለጥ» የሚለው ቃል መጣ። በቀበሌና በመሥሪያ ቤት ስብሰባ የኢሕአፓ አባል የነበረ ሰው ተነሥቶ ራሱን እንዲያጋልጥ ይጠየቅ ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ የድሮው የመግባት ሥርዓት የተመለሰ ይመስላል፤ ጥፋት ይነገራል፣ ምሕረት ይጠየቃል። የግሡ ፍች ግን ሌላ ነው። «ገለጠ» እና «አጋለጠ» መክደኛን ማንሣት ናቸው፤ ከመክደኛው በታች ያለው ነገር አስቀድሞም እዚያው ነበረ። ስለዚህ የተጋለጠ ሰው ተለወጠ አይባልም፤ ታወቀ እንጂ። ትናንት ያመነበትን ዛሬ ትቶ ሊሆን እንደሚችል ግሡ ራሱ አይፈቅድም፤ ተጋላጩም ነገ ዳግመኛ የሚገለጥ ነገር እንደሌለበት ማረጋገጫ የለውም። ድንጋይ ተሸክሞ የገባ ሰው ድንጋዩን አውርዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተጋለጠ ሰው ግን ያንኑ መዝገብ ይዞ ይኖራል፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን ካጋለጡ በኋላ አልተረፉም።

በዚሁ ዘመን ከ«ማደር» የተወለዱ ቃላት የሄዱበት መንገድ የቋንቋ ሰውን ፈገግ ያሰኛል። ፓርቲዎቹ ከፍ አድርገው የሚያከብሩት መደብ «ላብ አደር» እና «ወዝ አደር» ተባለ፤ የኢሠፓ ጋዜጣም «ሠርቶ አደር» ነበር። ከሁሉም የተጠላው ሰው ደግሞ «አድርባይ» ተባለ። ቅርጹን ስንበትነው «አድር» የሚለው የግሡ አካል «ባይ» ከሚለው ጋር ተጣምሯል፤ የትም ቢሆን አድራለሁ የሚል ማለት ነው። በላቡ የሚያድረው ይከበራል፣ በሰው ደጅ የሚያድረው ይናቃል። ነገር ግን በመስከረም 1977 ዓ.ም. ኢሠፓ ብቸኛው ፓርቲ ሆኖ ሲመሠረት፣ ለሹመትና ለዕድገት የሚያበቃው ደጅ አንድ ብቻ ሆነ። ሌላ ደጅ በሌለበት አገር አድርባይን ከአማኝ መለየት ለፓርቲውም የሚቻል አልነበረም፤ እኔም ያንን ዘመን ለሚያጠኑ ሰዎች ልዩነቱን ከአባልነት መዝገብ አትፈልጉት እላለሁ።

አባሉ ባለበት ሲቆም

እስካሁን የተናገርነው ስለሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ግሦቻችን ሁሉ የተበጁት ለእርሱ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ይበልጥ የተለመደውን ለውጥ አያዩትም፤ እርሱም ሰውዬው ባለበት ቆሞ ድርጅቱ የሚሄድበት ነው። ለዚህ ከኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. ከተመሠረተው ድርጅት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን (ኢሕዴን) የመሠረቱት ከኢሕአፓ የወጡ ታጋዮች ናቸው። ኢሕአፓ ከሕወሓት ጋር በ1970 ዓ.ም. ተዋግቶ ከአሲምባ ከወጣ በኋላ፣ እነዚህ ሰዎች ትናንት ከተዋጓቸው ጋር ተሰልፈው ደርግን ተዋጉ። ይህ የመጀመሪያው እርምጃ በእውነት የሰዎች እርምጃ ነበር፤ የቀሩት ጓዶቻቸውም «ከዱ» ብለዋቸዋል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። ኅብረ ብሔራዊ የነበረው ድርጅት በጥር 1986 ዓ.ም. የብሔረ አማራ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ብአዴን) ሆነ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የአማራ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ተባለ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ገባ፤ ይህም ፓርቲ የብሔር ድርጅቶችን ግንባር ትቶ አንድ አገራዊ ፓርቲ ነኝ የሚል ነው። በ1973 ዓ.ም. ገብቶ እስከ 2012 ዓ.ም. የቆየ አባል ቢኖር፣ አንድ ጊዜም ሳይለቅ ከኅብረ ብሔራዊነት ወደ ብሔር ድርጅት፣ ከብሔር ድርጅትም መልሶ ወደ አገራዊ ፓርቲ ተሻግሯል፤ ከሶሻሊዝም እስከ አብዮታዊ ዴሞክራሲ፣ ከአብዮታዊ ዴሞክራሲ እስከ መደመር ተጉዟል። እርሱን «ከዳ» የሚለው የለም። በ1986 ዓ.ም. «እኔ የተመዘገብሁት ለኢትዮጵያ ሕዝቦች ድርጅት ነው» ብሎ የወጣ ሰው ቢኖር ግን ያፈነገጠው እርሱ ይሆን ነበር።

እንዲህ ላለው ጉዞ ቋንቋው ያዘጋጀው ቃል «ተሃድሶ» ነው። ሕወሓት በመጋቢት 1993 ዓ.ም. ተከፍሎ አሥራ ሁለት የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላቱ ስብሰባ ረግጠው ከወጡ በኋላ ገዢው ግንባር ራሱን «ታደስሁ» አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ «ጥልቅ ተሃድሶ» መጣ። «ታደሰ» ከግእዙ «ሐደሰ» ጋር የተያያዘ፣ ባለበት ሆኖ አዲስ መሆንን የሚናገር ግሥ ነው። መውጣትን ሳይጠይቅ መለወጥን የሚገልጽ ቃል መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የማን መታደስ እንደሚቆጠር የሚወስነው የግምገማው መድረክ መሆኑ ነው። መድረኩ ላይ ቀድሞ የተናገረ ታደሰ፤ ዘግይቶ የተናገረ፣ ያንኑ ሐሳብ ቢናገርም፣ አፈንጋጭ ተባለ።

ሌላ አጋጣሚ ላንሣ። ኦሕዴድ በ1982 ዓ.ም. ሲመሠረት ከመጀመሪያ አባላቱ መካከል ከደርግ ሠራዊት የተማረኩ ወታደሮች ነበሩ። «ማረከ» በአማርኛ በጦርነት ያዘ ማለትም ነው፣ ልብን ሳበ ማለትም ነው፤ «ማራኪ ድምፅ» እንላለን። ተቃዋሚዎቹ ለሃያ ሰባት ዓመት ድርጅቱን በመጀመሪያው ፍች ሲነቅፉት ኖረዋል። በ2010 ዓ.ም. በገዢው ግንባር ውስጥ ለውጡን ከመሩት ዋነኞቹ የተነሡት ግን ከዚሁ ድርጅት ነው፤ እነርሱም ከፓርቲው ሳይወጡ የፓርቲውን አቅጣጫ የቀየሩ ናቸው።

የጎረቤት መስተዋት

በዚህ የትምህርት ክፍል የስዋሂሊ ባልደረቦች ፓርቲ መቀየርን ከሚገልጹባቸው ቃላት አንዱ «ኩሃማ» ነው፤ ቤት መልቀቅ፣ ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ማለት ነው። ዕቃውን ጭኖ ሰፈር የቀየረ ሰው ጎረቤት ያጣል እንጂ ኃጢአተኛ አይባልም። ለከሃዲ የሚሆነው «ምሳሊቲ» የሚለው ቃል በስዋሂሊም ስላለ ልዩነቱን ማጋነን አይገባም። ይሁን እንጂ የኬንያ ታሪክ ለእኛው ጉዳይ የተገለበጠ መስተዋት ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1964 የተቃዋሚው ፓርቲ አባላት ፓርቲያቸውን አፍርሰው ገዢውን ካኑን ተቀላቀሉ። የፓርቲያቸው ስም በምሕጻር «ካዱ» መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ያኔ መራጩን የጠየቀ የለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ግን ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ካኑን ለቅቀው የኬንያ ሕዝቦች ኅብረትን ሲመሩ፣ መንግሥት ሕገ መንግሥቱን በጥድፊያ አሻሽሎ ፓርቲ የቀየረ የምክር ቤት አባል ወንበሩን ለቆ ዳግመኛ እንዲመረጥ አዘዘ። በዚያው ዓመት ሰኔ በ29 ወንበሮች ላይ ምርጫ ተደረገ፤ አዲሱ ፓርቲ ያገኘው ዘጠኙን ብቻ ነው። ሕጉ ለቅጣት የወጣ ነበር፤ ወደ ገዢው ፓርቲ የሚሄዱት ሲሄዱ ያልነበረ፣ ከገዢው የሚወጡት ሲወጡ የተገኘ ሕግ ነው። ፓርቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1969 ታገደ። ሆኖም ሕጉ አንድ ነገር ተናግሯል፤ ፓርቲ የቀየረ ሰው የሚመለሰው ወደ ጌታው ወይም ወደ ግምገማ ሳይሆን ወደ መራጩ ነው። ይኸው መርሕ እ.ኤ.አ. በ2010 በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 ውስጥም ይገኛል።

መስተዋቱ የተገለበጠ ነው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። በኒያንዛ የሉኦ መራጮች እ.ኤ.አ. በ1966 ለኬንያ ሕዝቦች ኅብረት፣ በ1992 ለፎርድ ኬንያ፣ በ1997 ለብሔራዊ ልማት ፓርቲ፣ በ2002 ለናርክ፣ በ2007 ለኦዲኤም ድምፃቸውን ሰጡ። በአርባ ዓመት ውስጥ አምስት ፓርቲ ማለት ነው፤ ይሁንና የተከተሉት አንድ ቤት፣ አባቱን ኦዲንጋንና ልጃቸውን ራይላን ነበር። እዚያ መሪው እየተንቀሳቀሰ መራጩ ይከተለዋል፤ የፓርቲው ስም በመንገድ ይቀራል። እኛ ጋ ደግሞ ፓርቲው እየተንቀሳቀሰ አባሉ ባለበት ይቆያል። በሁለቱም አገር ከውጭ የሚያይ ሰው ብዙ የታማኝነት ለውጥ ቆጥሮ ሊሄድ ይችላል፤ ተከታዮቹ ግን ምንም አልለወጥንም ሊሉ ይችላሉ፣ እውነታቸውንም ነው።

መራጩ

በኢትዮጵያ የመራጭ ታማኝነት በግልጽ ሲለወጥ የታየው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 29 ቀን በመስቀል አደባባይ ኢሕአዴግ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት ከፍተኛ ሰልፍ አደረጉ። በሁለቱም ቀን የወጣ ሰው አልነበረም ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስለኝም። ግንቦት 7 ቀን በተደረገው ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮችም 137ቱን አገኘ። ውጤቱ ያስከተለው ግጭት፣ ግድያና እስራት የታወቀ ነው። በ2002 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ኢሕአዴግ ከ23ቱ 22ቱን ወሰደ። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ከተማ ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሐሳቡን ቀየረ ብሎ ማመን ይከብዳል።

ከሁለቱ አንዱ ለውጥ በሐሳብ የመጣ ይመስለኛል። በ1997 ዓ.ም. በቴሌቪዥንና በራዲዮ የተላለፉት ክርክሮች ገዢው ፓርቲ ሲጠየቅና ሲመልስ ሕዝቡ እንዲያይ አድርገዋል፤ ሰው ከማን ጋር ማደር እንዳለበት ሳይሆን ማን እንዳሳመነው የተጠየቀበት ጊዜ ነበር። ሁለተኛው ለውጥ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ቅንጅት ፈርሶ መሪዎቹ ታስረው፣ ተፈትተውና ተከፋፍለው ሳለ፣ ኢሕአዴግ ራሱ እንደገለጸው በምርጫው ዘመን አንድ ሚሊዮን ያልሞላው የአባላቱ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሆነ። መምህሩ፣ የጤና ሠራተኛው፣ የቀበሌው ጸሐፊ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው ወጣት አባል ሆኑ። ለምን ብሎ የጠየቃቸው ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘው መልስ «እንጀራ ነው» የሚል ነበር። ይህ መልስ አድርባይነት ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን የግሡን ታሪክ ስለማስታውስ ለመፍረድ አልቸኩልም። «ለ…አደረ» ከመጀመሪያውም ስለ እንጀራ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ለፓርቲው ሐሳባቸውን አልሰጡም፤ አደሩለት እንጂ፣ ፓርቲውም ከዚያ በላይ አልጠየቃቸውም። ለዚህ ነው አራት ሚሊዮንና ከዚያም የሚበልጥ አባል የነበረው ግንባር በ2012 ዓ.ም. ሲከስም፣ አብሮት የከሰመ አባል ብዙም ያልታየው። በሕጉ ቋንቋ «ከሰመ» የሚባለው ፓርቲው ነው፤ አዳሪው ወደሚቀጥለው ደጅ ተሻገረ።

የሕጉን ቋንቋ ካነሣን አይቀር፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዥነት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ፓርቲ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያም ሆኖ ሕጉ የመረጠው ቃል «ተገዥነት» ነው፤ ኅሊና እንኳ ጌታ ሆኖ ነው የገባው። ከዚሁ ምክር ቤት ውጭ በዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚመራው ፓርቲ ደግሞ የራሱን ተገዥነት ይጠይቃል፤ አንድ አባል በሁለቱ መካከል ሲያዝ የትኛው እንደሚያሸንፍ የምክር ቤቱ የድምፅ አሰጣጥ ለዓመታት አሳይቷል።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ንግግር «ተቃዋሚ» በ«ተፎካካሪ» ተተክቷል። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የኢዜማ፣ የአብን እና የኦነግ ሰዎች ከፓርቲያቸው ሳይለቁ የሚኒስትርነት ሹመት ተቀበሉ። መኢሶን በ1967 ዓ.ም. ከሞከረው ወዲህ ከፊል ታማኝነት በእንዲህ ያለ ደረጃ ሲሞከር ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ በዚህ ጊዜም በይፋ ሹመትና በሕግ ፊት ነው። የተነገሩት ግሦች ግን አዲስ አልነበሩም። ሹመቱን የወደዱት «መንግሥት ውስጥ ገቡ» አሉ፤ ያልወደዱት «አደሩ» አሉ። ተሿሚዎቹ ራሳቸው የመረጡት «ከመንግሥት ጋር መሥራት» የሚለውን ነው፤ «ከ…ጋር» የሚለው አገባብ ሁለቱን ወገኖች ጎን ለጎን የሚያቆም ስለ ሆነ፣ ከ«ለ…ማደር» ርቆ ወደ «ደገፈ» ይጠጋል።